ገጣሚው ከንቲባ ኤሜ ሴዜር ከዳተኛ ነበር ወይ?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የቋንቋ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስለ ማርቲኒኩ ገጣሚ ስለ ኤሜ ሴዜር ገለጻ እያዘጋጀሁ ነው። የመረጥኩት እሱም መምህር ስለነበረ ነው። ሐሳቤን ለባልደረቦቼ ሳካፍል ግን ክርክር ተነሣ። አንዱ ‹ቅኝ ግዛትን በግጥም እያወገዘ አገሩን በሕግ ለፈረንሳይ ያስረከበ ከዳተኛ ነው› አለ። ሌላዋ ደግሞ ‹የጥቁር ሕዝብ ነጻ አውጪ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ፖለቲካው ግጥሙን ገደለበት እንጂ› አለች። ማን ነው ልክ? ለተማሪዎቹስ እንዴት ባቀርበው ይሻላል?»

መልስ፦ ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ስህተት ግን ይብሳል፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ቅኝ ግዛት ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ዓድዋ ነው። ወራሪ ይመጣል፣ አገሬው ይነሣል፣ ወራሪው ተሸንፎ ይመለሳል። የሌላውን አፍሪካ ታሪክም በዚሁ ዓይን ነው የምናየው። ጋና በ1957፣ ጊኒ በ1958፣ ሴኔጋል በ1960 የራሳቸውን ባንዲራ ሰቀሉ። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በ1946 ፓሪስ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ማርቲኒክ እንደ ማንኛውም የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ትቆጠር ያለ ሰው ከዳተኛ ቢመስል አይገርምም። ግን ማርቲኒክ ጋና አይደለችም።

ማርቲኒክ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለች፣ ስፋቷ 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት ናት። ፈረንሳዮች የያዟት በ1635 ነው። ቀድሞ ይኖሩባት የነበሩትን ሰዎች ገደሉ፣ የተረፉትን አባረሩ። ከዚያ ለሸንኮራ አገዳው እርሻ ከአፍሪካ ባሪያ በመርከብ እየጫኑ አመጡ። ባርነት በሕግ የቀረው በ1848 ነው። በዚያው ዓመት ነጻ የወጡት ሰዎች የፈረንሳይ ዜጋ ተባሉ፣ ወንዶቹ የመምረጥ መብት አገኙ። መሬቱ ግን እዚያው ቀረ፤ ቤኬ በሚባሉት ጥቂት የነጭ ባለርስት ቤተሰቦች እጅ። እንግዲህ እዚህ አገር የተባረረ ንጉሥ የለም፤ የሚመለስ ዙፋንም የለም። ሕዝቡ ራሱ ሕዝብ የሆነው እርሻው ላይ ነው። የአገዳ ቆራጩ አቤቱታም «ፈረንሳይ ትውጣልኝ» አልነበረም። «ዜጋ ነህ ካላችሁኝ የዜጋውን መብት ስጡኝ» ነበር።

ይህን አቤቱታ የፈጠረው ሴዜር አይደለም። ከእሱ በፊት በደሴቲቱ ሲጠየቅ የኖረ ነገር ነው። በ1946 ጥያቄውን ያቀረቡት የአራቱ አሮጌ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ናቸው፤ የማርቲኒክ፣ የጓዴሉፕ፣ የጉያናና የሬዩንየን። ሴዜር የረቂቁ አቅራቢ ሆኖ ምክር ቤቱ ፊት ቆመ። ያኔ 32 ዓመቱ ነበር፤ ፓርላማ ከገባም ገና ጥቂት ወራቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ደሴቲቱን የሚያዝዛት ከፓሪስ የተላከ ገዢ ነበር። ፓሪስ ላይ የወጣ የሠራተኛ ሕግ እዚያ በራሱ አይሠራም። የሕመም ዋስትና፣ የጡረታ፣ የቤተሰብ አበል ሕግ ቢወጣ ባሕሩን አይሻገርም። ሴዜር የፈለገው እንዲሻገር ነው። ምክር ቤቱ ረቂቁን በሙሉ ድምፅ አጸደቀው፣ ሕጉም መጋቢት 19 ቀን 1946 ወጣ።

ታዲያ ተሻገረ ወይ? ስሙ ወዲያው ተሻገረ፤ ገንዘቡ ቀረ። ገዢው ሄደና በምትኩ ፕሪፌ የሚባል ሌላ የፓሪስ ሹም መጣ። ማኅበራዊ ሕጎቹ በጥቂት በጥቂቱ፣ በብዙ ዓመት ልዩነት ተተገበሩ። ከፈረንሳይ የሚመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ተጨማሪ አበል ሲከፈላቸው፣ የአገሬው ሠራተኞች ያንኑ ለማግኘት አድማ መምታት ነበረባቸው። ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ከዋናዋ ፈረንሳይ ጋር እኩል የሆነው በ1996 ነው። ሕጉ ከወጣ ድፍን ሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ባልደረባዎ ሴዜርን መውቀስ ከፈለገ መያዝ ያለበት ይህንን ነው። እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው፦ ሴዜር በ1946 ለሕዝቡ እንጀራ መጠየቁ ልክ ነበር፤ ያጎደለው ፓሪስን ማመኑ ነው። ቃሏን እንድትጠብቅ የሚያስገድዳት ምንም ነገር በሕጉ ውስጥ አላስቀመጠም።

መጎዳቱን ደግሞ ከማንም በፊት የተናገረው ራሱ ነው። በ1950 «በቅኝ ግዛት ላይ የተደረገ ንግግር» የሚለውን አጭር መጽሐፉን አወጣ። እንዲህ ሲል ይሞግታል፦ ቅኝ ግዛት ተገዢውን ሰው ወደ ዕቃ ይለውጠዋል፣ ገዢውን ደግሞ አውሬ ያደርገዋል። አውሮፓ ሂትለርን ይቅር ያላለችው፣ እስከዚያ በአልጄሪያ፣ በሕንድና በአፍሪካ ሰው ላይ ብቻ ይፈጸም የነበረውን ነገር ነጭ ላይ ስለፈጸመው ነው። ይህን የጻፈው በሥልጣን ላይ ያለ ከንቲባና የፓርላማ አባል ነው። ያቺ ትንሽ መጽሐፍ ዛሬም ስትነበብ ታቃጥላለች።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ሌላ በር ዘጋ። የተመረጠው በኮሚኒስት ፓርቲ ስም ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 1956 ለፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለሞሪስ ቶሬዝ ደብዳቤ ጽፎ ወጣ። አንዱ ምክንያት የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ስለ ስታሊን ያጋለጠው ጉድ ነው። ዋናው ግን ሌላ ነበር። የጥቁር ሕዝብ ጥያቄ የፈረንሳይ ሠራተኛ ጥያቄ ጭራ ሆኖ መቅረቱ አንገሸገሸው። ኮሚኒዝም ጥቁር ሕዝቦችን ያገልግል እንጂ ጥቁር ሕዝቦች ለኮሚኒዝም ማገልገያ አይሁኑ አለ። በዚያው ደብዳቤ ላይ ሰው ራሱን የሚያጣባቸው ሁለት መንገዶች አሉ ይላል፤ በራስ ዓለም ውስጥ ግንብ ሠርቶ መዘጋት፣ ወይም «ዓለም አቀፍ» በሚባል ነገር ውስጥ ሟሙቶ መቅረት። ከጻፈው ሁሉ ለተማሪዎችዎ አንድ ገጽ ብቻ ምረጥ ብባል ይህችን ገጽ እሰጥዎታለሁ።

በመጋቢት 1958 የማርቲኒክ ተራማጅ ፓርቲን መሠረተ። ፓርቲው የጠየቀው ራስን በራስ ማስተዳደር ነው፤ ነጻ አገር መሆንን አይደለም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት መስከረም የፈረንሳዩ መሪ ደጎል በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲጠሩ ጊኒ «አይሆንም» ብላ ወጣች። ሴዜር ግን የደጎል መልእክተኛ ሆኖ ደሴቲቱን የጎበኘውን አንድሬ ማልሮን ካነጋገረ በኋላ ሕዝቡን «ይሁን» በሉ አለ። ደጋፊዎቹ ይህን ቶሎ ማለፍ ይወዳሉ። እርስዎ አይለፉት። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ በደሴቲቱ ዋና ከተማ በፎር ደ ፍራንስ ውስጥ ብጥብጥ ተነሥቶ ሦስት ወጣቶች ሞቱ። ወጣቱ ትውልድ ከዚያ በኋላ ከሴዜር የበለጠ ጠየቀ፣ ሴዜርም አንሷል ተባለ።

የክልል ፖለቲከኛ የሚባለው ሴዜር በደንብ የሚታየው ከ1981 ወዲህ ነው። ሚተራን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ሴዜር የደሴቲቱን የአስተዳደር ጥያቄ ለጊዜው ላቆየው ብሎ አወጀ። በ1982 ሥልጣንን ወደ ክልሎች የሚያወርድ ሕግ ወጣ። በ1983 ማርቲኒክ የክልል ምክር ቤቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ስትመርጥ ፕሬዚዳንቱ እሱ ሆነ። ነጻነት ፈላጊዎቹ ይህን ማቆየት ክህደት አሉት። እኔ ክህደት አልለውም። ግን ትልቁ የፖለቲካ ድክመቱ እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የተከራከረለትን ጥያቄ በአንድ ወዳጅ መንግሥት እምነት አሳደረው። ዳግመኛ በጉልበት የሚያነሣበት ጊዜም አልመጣለትም። በሌላ በኩል ሕዝቡ ራሱ የት እንደቆመ ማየት ይገባል። በጥር 2010፣ ሴዜር ካረፈ በኋላ፣ የማርቲኒክ መራጮች ሰፋ ያለ ራስን የማስተዳደር ሥልጣን ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው ተጠየቁ። 79 በመቶ ገደማው አንፈልግም አለ። ነጻ አገር እንሁን የሚል ጥያቄ እንኳ አልነበረም የቀረበላቸው። ሴዜር የዚህ ሕዝብ ተወካይ ነበር።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ወደ ሁለተኛዋ ልምጣ። ፖለቲካ ግጥሙን ገደለው የሚለው ወሬ ብዙ ቦታ ይደገማል። ዓመቶቹን ደርድሮ ያየ ሰው ግን አይለውም።

«ወደ ትውልድ አገር የመመለስ ማስታወሻ» የሚለው ረጅም ግጥሙ መጀመሪያ የታተመው በነሐሴ 1939 ፓሪስ ውስጥ በአንዲት መጽሔት ላይ ነው። ያኔ 26 ዓመቱ ነበር። ማንም አላነበበውም ማለት ይቻላል፤ ጦርነቱ በወሩ ተነሣ። ከንቲባ የሆነው በ1945 ነው። ከዚያ በኋላ በ1946፣ በ1948፣ በ1950 በተከታታይ የግጥም መጻሕፍት አወጣ። የ1950ውን በሥዕል ያስጌጠው ፒካሶ ነው። በ1960 ሌላ መጣ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት የሥልጣን ዓመታቱ በግጥም የበለጸጉ ናቸው። ዝምታ አለ ከተባለ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1982 ያለው ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ የግጥም መጽሐፍ እንደ ልብ አልወጣም። ግን በዚያው ጊዜ ሦስት ቴአትሮች ጻፈ፦ በ1963 ስለ ሄይቲው ንጉሥ ክሪስቶፍ፣ በ1966 ስለ ኮንጎና ስለ ፓትሪስ ሉሙምባ፣ በ1969 ደግሞ የሼክስፒርን «ማዕበል» ለጥቁር ተመልካች አድርጎ እንደገና ጻፈው። አዲስ ነጻ የወጡ የአፍሪካ አገሮች እየበዙ ነበር። ለነሱ ለመናገር መድረክ ከግጥም መጽሐፍ ይሻላል ብሎ አመነ።

የክሪስቶፍ ቴአትር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፖለቲካው ለሥነ ጽሑፉ ምን እንዳደረገለት በግልጽ የሚታየው እዚያ ነውና። ክሪስቶፍ የሄይቲን ነጻነት ከተዋጉት ጄኔራሎች አንዱ ነው፤ ኋላ በሰሜኑ ክፍል ነገሠ። ሕዝቡ ከባርነት እንደወጣ ለዓለም ለማሳየት በተራራ አናት ላይ ግዙፍ ምሽግ አሠራ። ድንጋዩን የተሸከመው ያው ከባርነት የወጣው ሕዝብ ነው። ንጉሡ ሕዝቤን አቆመዋለሁ ሲል ሕዝቡን ጫነው፤ በመጨረሻ ብቻውን ቀረ፣ ራሱን አጠፋ። ይህን የጻፈው ለአሥራ ስምንት ዓመት ከንቲባ ሆኖ ውኃ፣ መንገድና ቤት ሲጠየቅ የኖረ ሰው ነው። መምህር ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ክሪስቶፍን ወይ ጀግና ወይ አምባገነን ያደርገው ነበር ብዬ እገምታለሁ። እሱ ግን ጥሩ ሐሳብ እንዴት ሸክም እንደሚሆን ከውስጥ ያውቀዋል።

ስለ ከንቲባነቱ ተማሪዎች ብዙም አይነገራቸውም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ሥራውን ነው። ከ1945 እስከ 2001 ድረስ ፎር ደ ፍራንስን መራ። ከጦርነቱ በኋላ የስኳር ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ከገጠር የተፈናቀለው አገዳ ቆራጭ ወደ ከተማ ጎረፈ። ትሬኔል በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ ቮልጋ ፕላዥ በሚባለው ረግረጋማ ዳርቻ፣ የነዳጅ ኩባንያው ማከማቻ አጠገብ በሆነው ቴክሳኮ፣ ሰው በሌሊት ጣውላና ቆርቆሮ እያቆመ ሰፈረ። እኛ አገር የጨረቃ ቤት የምንለው ዓይነት ነው። አፍርሱ ማለት ቀላል ነበር። የሴዜር ማዘጋጃ ቤት ቧንቧ ዘረጋ፣ መብራት አስገባ፣ በኮረብታው ላይ የሲሚንቶ ደረጃ ሠራ፣ ፍሳሽ አስወገደ። «አፌ አፍ ለሌላቸው መከራዎች አፍ ይሆናል» ብሎ በወጣትነቱ የጻፈውን ሰው እዚህ ሰፈር ውስጥ ፈልጉት።

በ1976 ደግሞ የከተማውን የባህል አገልግሎት አቋቋመ። የድሃ ሰፈር ልጅ ቴአትር፣ ጭፈራ፣ ከበሮና የሸክላ ሥራ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚማርበት ነበር። በዚያ ዘመን የደሴቲቱ ከበሮ የመሃይም ነገር ተደርጎ ይናቅ ነበር። ከንቲባው በበጀት ደገፈው።

ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ ቀጣሪ ሆነ፤ ሥራ የፈለገ ሁሉ ወደ ከንቲባው በር ነው የሚሄደው። 56 ዓመት በአንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ማንንም አይጠቅምም፤ ተተኪ አያፈራም፣ ተቃዋሚን ያቀጭጫል። ይህን ለተማሪዎች በግልጽ ይንገሯቸው። የአንድን ሰው ታላቅነት ለማሳየት የቆየበትን ዓመት መቁጠር እኛም ጋ ያለ ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድ አይደለም።

አሁን ወደ መምህሩ። ጥያቄዎ የተነሣው ከዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት።

ሴዜር የተወለደው ሰኔ 26 ቀን 1913 በደሴቲቱ ሰሜን በባስ ፖይንት ነው። አያቱ በማርቲኒክ ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር መምህራን አንዱ ነበሩ። አባቱ የግብር ሠራተኛ፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። በ1931 በነጻ ትምህርት ዕድል ፓሪስ ሄደ። እዚያ የኋላውን የሴኔጋል ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎርን አገኘው። ከሊሴ (ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ጓደኛው ከጉያናው ሊዮን ዳማስ ጋር ሆነው ሦስቱ «ኔግሪቲውድ» የተባለውን አስተሳሰብ አስነሡ። ይህ ነጭን መጥላት ነው የሚል ካለ አላነበበም። ጥቁር መሆንን እንደ ጉድለት ማየት ማቆም ነው፤ መነሻው ይኸው ነው።

በ1939 ከባለቤቱ ከሱዛን ጋር ወደ ደሴቲቱ ተመልሶ በፎር ደ ፍራንስ በሊሴ ሼልሸር ማስተማር ጀመረ። ራሱ የተማረበት ትምህርት ቤት ነው። ለደሴቲቱ ልጆች የፈረንሳይ ገጣሚዎቹን ራምቦንና ሎትሬአሞንን ይዞላቸው ገባ። ኋላ ስመ ጥር ጸሐፊዎች የሆኑት ፍራንዝ ፋኖንና ኤድዋር ግሊሳን በዚያ ዘመን የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ብዙ ቦታ ሁለቱም «የሴዜር ተማሪዎች» ተብለው ይጻፋሉ። «እሱ ባስተማረበት ትምህርት ቤት የተማሩ» ቢሉ አይሳሳቱም። የተጽዕኖው ጉዳይ ግን አያጠራጥርም፤ ፋኖን በ1952 ባወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ሴዜርን ደጋግሞ ይጠቅሳል።

ያን ጊዜ ማስተማር ምን ማለት እንደነበረ ለማየት ጦርነቱን ማሰብ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በ1940 ስትሸነፍ ደሴቲቱ ከናዚ ጋር ለተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ታማኝ በሆነው በአድሚራል ሮቤር እጅ ወደቀች። ብዙ የፈረንሳይ ባሕረኞች ወደቡ ላይ ተዘግተው ቀሩ። ዕቃ የሚያመጣ መርከብ ተቋረጠ፣ ምግብ ጠፋ፣ ዘረኝነቱ ገሃድ ወጣ። በዚህ መካከል ሴዜር፣ ሱዛንና ባልደረባቸው ሬኔ ሜኒል በሚያዝያ 1941 «ትሮፒክ» የተባለች መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። ሦስት አስተማሪዎች፣ ሳንሱር ያለበት አገር፣ በራሽን የሚሰጥ ወረቀት። ጽሑፎቹ ስለ አበባ፣ ስለ ተረትና ስለ ግጥም የሚያወሩ ይመስላሉ። ውስጣቸው ሌላ ነው።

በዚያው ሰሞን ገጣሚው አንድሬ ብረቶን ከናዚ ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ደሴቲቱ ላይ አረፈ። ለልጁ ሪባን ሊገዛ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ አለ፤ የመጽሔቷ የመጀመሪያ ዕትም እዚያ ተቀምጣ አገኛት። የሱቁ ባለቤት የሜኒል እህት ነበረች። ቆሞ አነበበ፣ ያነበበውን ማመን አቃተው፣ ሰዎቹን አገናኙኝ አለ። ሴዜር በዓለም የታወቀው በዚያ ሪባን ሰበብ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

በግንቦት 1943 የሳንሱሩ ሹም፣ ሌተናንት ባይል፣ ነቃ። መጽሔቷ አብዮተኛ፣ ዘረኛና ከፋፋይ ናት ብሎ ወረቀት ከለከለ። የመምህራኑ መልስ አጭር ነበር። የተሰደቡበትን ቃል አንድ በአንድ እያነሡ ተቀበሉት። ዘረኞች ነን፤ ግን እንደ ሄይቲው የነጻነት መሪ እንደ ቱሳን ሉቨርቱር፣ እንደ ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ እንደ ላንግስተን ሂዩዝ ነን፤ በሂትለር ዘረኝነት ላይ የተነሣን ነን አሉ። ከእናንተ ጋር አንድ ቋንቋ አንናገርም ብለው ደብዳቤውን ዘጉ። ይህን የጻፉት ደመወዛቸውን ከመንግሥት የሚቀበሉ የሊሴ አስተማሪዎች ናቸው። በሁለት ዓመቱ የፎር ደ ፍራንስ ሕዝብ አንዱን ከንቲባ አድርጎ መረጠው። ፖለቲካ ውስጥ ስመ ጥር አልነበረም፤ ከተማው የሚያውቀው እንደ አስተማሪ ነው።

ሱዛንን አይርሱ። እሷም አስተማሪ ነበረች። በ«ትሮፒክ» ላይ የጻፈቻቸው ጥቂት ጽሑፎች ከባሏ ጽሑፎች ጎን ያለ ሐፍረት ይቆማሉ። ስድስት ልጆች አሳደገች፣ በ1963 ተለያዩ፣ በ1966 ሞተች። ከመጽሔቷ በኋላ ብዙም አልጻፈችም። በክበብዎ ሴት ተማሪዎች ካሉ ከሴዜር በፊት ስለ እሷ የሚጠይቁ ይኖራሉ፤ ተዘጋጅተው ይግቡ።

ሌላው የሚነሣበት ወቀሳ የክሪዮል ቋንቋ ጉዳይ ነው። የደሴቲቱ ሕዝብ አፍ የፈታው በክሪዮል ነው፤ ሴዜር የጻፈው ግን እጅግ በረቀቀ ፈረንሳይኛ ነው። አገዳ ቆራጩ መርጦታል እንጂ አላነበበውም። በ1989 ሦስት የማርቲኒክ ጸሐፊዎች በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ላይ ራሳቸውን የሴዜር ልጆች ብለው ጠርተው፣ ወዲያው አባታቸው ክሪዮልን ችላ ማለቱን ተናገሩ። ከነሱ አንዱ ራፋኤል ኮንፊያን በ1993 ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ሞገተው። ወቀሳው እውነት አለው። ለኛ አገር ተማሪ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ጊዜ ካለዎት ክርክሩን ይክፈቱት፤ ከሌለዎት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ይለፉ።

እንግዲህ እንዴት ይቅረብ? ሦስት መንገድ አለዎት። ከልደት እስከ ሞት በዓመት ቅደም ተከተል መተረክ ቀላል ነው፤ ግን ተማሪው ይተኛል፣ ‹ከዳተኛ› ያለው ባልደረባዎም 1946 ላይ ሲደርሱ እጁን ያወጣል፣ ገለጻው እዚያው ይቆማል። ግጥሙን ብቻ ማስተማር ንጹሕ ነው፤ ግን ሴዜርን ግማሽ ያደርገዋል። እኔ የምመክርዎ ሦስተኛውን ነው። ከሳንሱሩ ደብዳቤ ይጀምሩ። አስተማሪ የጻፈው መልስ ነው፤ ተማሪዎች ወዲያው ይገባቸዋል። ቀጥሎ የ1946ቱን ሕግ ያምጡና ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት። ግማሹ አገዳ ቆራጭ ይሁን፣ ግማሹ ነጻነት የሚፈልግ ወጣት። የደመወዙን ነገር፣ 1996ን፣ መጀመሪያ አይንገሯቸው። ከተከራከሩ በኋላ ይንገሯቸው። ከዚያ ለቶሬዝ የጻፈውን ደብዳቤ ያንብቡላቸው። በዚህ ቅደም ተከተል «ከዳተኛ ወይስ ጀግና» የሚለው ጥያቄ በራሱ ይጠፋል፤ በቦታው የተሻለ ጥያቄ ይመጣል። አንድ ሰው ያመነበት ነገር ሳይሳካ ሲቀር ምን አደረገ?

ለዚህ ጥያቄ ከ1956 በተጨማሪ አንድ ሌላ ማስረጃ አለ። በየካቲት 2005 ፈረንሳይ ውስጥ በወጣ ሕግ ላይ ትምህርት ቤቶች ስለ ቅኝ ግዛት «በጎ ሚና» እንዲያስተምሩ የሚል አንቀጽ ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ኒኮላ ሳርኮዚ ደሴቲቱን ሊጎበኝ ሲል የ92 ዓመቱ ሴዜር አላገኘውም አለ። ጉዞው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት አንቀጹ ተነሣ። አስተማሪው በክፍል ውስጥ ምን ይባል በሚለው ጉዳይ በዚያ ዕድሜውም አልለዘበም። ሚያዝያ 17 ቀን 2008 በ94 ዓመቱ አረፈ፤ የመንግሥት ቀብር ተደረገለት።

ከግጥሙ የሚያነቡላቸው «ማስታወሻ» ይሁን። ሙሉውን አይሞክሩ፤ ረጅም ነው፣ ለጀማሪ ይከብዳል። ከተማዋን በማለዳ የሚያሳየውን የመጀመሪያ ክፍል ጮክ ብለው ያንብቡ። የሚጠቀሙበት ቅጂ የትኛው ዕትም እንደሆነም አስቀድመው ያረጋግጡ። የ1939ኙ ጽሑፍ እና ዛሬ በየቦታው የሚገኘው የ1956ቱ ዕትም አንድ አይደሉም፤ ሴዜር በመካከሉ ብዙ ጨምሯል፣ አስተካክሏል፣ ፖለቲካውንም አጠንክሯል። ከ1956ቱ ዕትም እያነበቡ «ይህን የጻፈው በ26 ዓመቱ ነው» እንዳይሉ።